ሽማግሌ ሳልልክ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? የዶሃው ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደም ግፊቷ አልፎ አልፎ ቢያስቸግራትም ሱቋን ከፍታ ትውላለች፤ የሰፈራችንን የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት ግን እንደ ድሮው ሳታርፍ አትወጣውም። አሁን የምጽፍልህን በስልክ ያልነገርኩህ ቤታችንን ስለምታውቀው ነው፤ አንዱ ሲያወራ ሁሉም ይሰማል። ጎረቤታችን ኩልሱም ፈቃዷን ጨርሳ ሰኞ ወደዚያው ስለምትመለስ በእሷ እጅ እልክልሃለሁ።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርህ። ለአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ ኪጋሊ እንድሄድ ተመርጫለሁ። እሺ ወይም እምቢ የምልበት ቀን ሰኞ ነው። እማዬ አታውቅም።

የመረጡኝ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የሰው ኃይል አስተዳደር የሚያስተምሩን ዶክተር ሸዋረጋ ናቸው። እንደ እኚህ ሴት ያለ አስተማሪ አይቼ አላውቅም። በየሳምንቱ ምን እንደሠራን፣ ምን እንደተሰማንና ከዚያ ምን እንደተማርን የምንጽፍበት ፖርትፎሊዮ ያሠሩናል። መጀመሪያ ሁላችንም የመማሪያ መጽሐፉን ትርጓሜ ገልብጠን፣ በሚያምር ሽፋን አስጠርዘን አስረከብናቸው። ሽፋኑን አድንቀው መለሱልን። በሚቀጥለው ሳምንት የራሳቸውን ይዘው መጡ፤ ለካ እሳቸውም ይጽፋሉ። «ባለፈው ክፍለ ጊዜ ፋኑኤልን ደጋግሜ አቋረጥኩት፤ ሐሳቡ ከእኔ ስለተሻለ ነው» የሚለውን ለክፍሉ በሙሉ አነበቡልን። ዶክትሬት ያለው ሰው በተማሪ ፊት እንዲህ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የወደድኳቸው።

አንድ ቀን ደግሞ ድራማ አሠሩን። እኔ የውጭ ድርጅት ኃላፊ፣ ፋኑኤል ከሥራ የሚሰናበት ሠራተኛ ሆንን። ፋኑኤል የእንጦጦ ቄስ ልጅ ነው፤ ቀልድ አያውቅም፣ የሰጡትን ሁሉ ከልቡ ነው የሚሠራው። መጽሐፉ ጠርተሽ፣ አስቀምጠሽ፣ በግልጽ ንገሪው ይላል። እኔ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ማቲዎስንና ኢልሃምን ከክፍሉ መርጬ ሽማግሌ አድርጌ ላክሁበት። ማቲዎስ እንደ እድር ዳኛ ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ ዝናቡ ጀመረ፤ ኢልሃም ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ፋኑኤል አንዴ እሱን አንዴ እሷን ሲያይ ቆየና ከወንበሩ ተነሣ።

«ማነው የሞተብኝ?» አለ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ።

አንተ አላየህም እንጂ የሄድክ ዕለት እቤታችን የሆነው ይኸው ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያ ለሰፈራችን ሽማግሌ ለጋሽ ጉተማ ደውለህ እናቴን ቀስ ብላችሁ ንገሩልኝ አልካቸው። እሳቸውም እንደ ደንቡ ሽማግሌዎች አስከትለው ማለዳ መጡ። እማዬ በሩን ከፍታ ስታያቸው፣ አንዳቸውም ሳይተነፍሱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ወደቀች። ዶሃ ሄደ እንጂ አልሞተም ብለው እስኪያሳምኗት ጎረቤቱ ለለቅሶ ተሰብስቦ ነበር። ደም ግፊቱም ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። በክፋት እንዳላደረግኸው አውቃለሁ፤ ከባድ ነገር በሽማግሌ ይነገራል ተብለን ነው ያደግነው። ግን ተቀይሜህ ነበር፤ አልዋሽህም።

ይህን ሁሉ ፖርትፎሊዮዬ ላይ ጻፍኩት። ሽማግሌ የላክሁት ለፋኑኤል አዝኜ ነው ብዬም ደመደምኩ። ዶክተር ሸዋረጋ ከሥሩ «ያዘንሽው ለእሱ ነው ወይስ ፊቱን ማየት ፈርተሽ?» ብለው ብቻ መለሱልኝ። ሳምንት ሙሉ ስበሳጭ ከርሜ፣ ፈርቼ ነው ብዬ ጻፍኩ። ለኪጋሊ የመረጡኝ በዚያ መልስ ነው።

አሁን ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ጋሽ ጉተማ ዘንድ ሄጄ እማዬን ንገሩልኝ ብዬ መለመን አምሮኛል። አላደርገውም። ቅዳሜ ራሴ እነግራታለሁ። ደብዳቤውን እስከዚያ ሳልዘጋ አቆየዋለሁ።

ዛሬ እሑድ ነው። ነገርኳት።

ሱቁን ዘግታ ስትገባ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ነገር ሳላዞር ተናገርኩ። እሷ አልወደቀችም። ኪጋሊ ብርድ አለው ወይ አለችኝ። ከእኛ ይሻላል ይላሉ አልኳት። ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ተነሥታ ገብስ ማመስ ጀመረች። የእኔ ስንቅ መስሎኝ፣ ኧረ እማዬ መሄጃዬ ገና ነው፣ አትድከሚ ብላት ዞር ብላም አላየችኝ።

«ያንቺ ይደርሳል» አለች። «ይኼ የወንድምሽ ነው። ስንቅ ሳላስይዘው ነው የሄደብኝ።»

ከደብዳቤው ጋር ኩልሱም የምትሰጥህ በሶ እሱ ነው። ሌሊቱን ስትሠራው አድራ ዛሬ ጠዋት በእጇ ነው የቋጠረችው። ከቀመስከው በኋላ ደውልላት፤ በእኔ ስልክ ሳይሆን በራሷ።

የሰው አገር ደግ ይሁንልህ። የእማዬን ዓይን በዓይንህ ለማየት ያብቃህ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ