ያልወረድሁበት ደሴት

ኅዳር 6፣ 1972 ዓ.ም.

ከፋብሪካ በቀጥታ ወደ ማታ ክፍል። የጥጡ ብናኝ ፀጉሬ ላይ እንዳለ። የባህልና የቅርስ ትምህርት ነበር። መምህራችን ጋሽ ዓምደ ሚካኤል የሥላሴን ሥዕል ሰቅለው «ሠዓሊው ለሦስቱም አንድ መልክ የሰጠው ለምንድን ነው?» አሉ። «በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ ለማለት ነው» አልሁ። ደስ አላቸው። ከኋላ አንዱ «የመሪጌታ ልጅ» ብሎ ሳቀ። ይሳቅ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ወንዶቹን ሲያስተምር በር ላይ ቆሜ የሰማሁትን ነው ዛሬ ወንበር ይዤ የምማረው።

ኅዳር 13

እሑድ ወደ ደሴቱ ገዳም ጉዞ አለ። ሴት አይገባም፤ አውቃለሁ። ከጀልባው አልወርድም። ግን ወንድሜ ወልደ ሐዋርያት እዚያ ነው፤ ከመነኮሰ ወዲህ አላየሁትም። እማዬ አልጋ ከያዘች ጀምሮ የምትጠራው እሱን ነው። የማስታምማት እኔ... የምትጠራው እሱን። ዳር ድረስ ቢወርድልኝ እነግረዋለሁ።

ኅዳር 15

ጀልባው እንደቆመ የክፍላችን ካድሬ አስማማው ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ አገርነሽ፣ ውረጂ። ደሴቱ የሰፊው ሕዝብ ነው። ዛሬ ሴት ትገባበታለች።»

መነኮሳቱ ዳር ላይ ቆመዋል። ወንድሜ መካከላቸው። ከስቷል።

«እኅቴ፣ ብትወርጂ የሚነካሽ የለም» አለኝ። «እኛ ግን ገዳሙን ጥለን እንወጣለን።»

የገዳሙን ሥዕሎች ለማየት ከልጅነቴ ጀምሮ... አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ። አልወረድሁም።

«አባ፣ እማዬ ታማለች። አንተን ትላለች።»

«እጸልይላታለሁ።»

ይኸው ነው። «ምን ነካት?» አላለም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ገዳሙ ወጣ፤ የክፍሌ ወንዶችም ተከተሉት። ከጀልባ ነጂው ጋር ፀሐይ ላይ ቀረሁ። ሲመለሱ ግድግዳው ላይ ስላዩት ይከራከራሉ፤ የቅዱሳኑን ስም እንኳ አልለዩም።

ኅዳር 24

ክፍል ውስጥ ሂስ ተደረገብኝ። «ለገዛ ጭቆናዋ ዘብ የቆመች» አለ አስማማው። ከትምህርቱ ትሰናበት ተባለ። እጅ ወጣ። የጋሽ ዓምደ ሚካኤልም ወጣ።

በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጆች አሉኝ፣ አገርነሽ።»

«ደህና ይደሩ» አልሁ።

ለወንድሜ ገዳሙ ተረፈለት። አስማማውም የሚያሳየው ጠላት አገኘ። እኔስ?

ታኅሣሥ 11

ከሥራ ቀጥታ ቤት። ደብተሮቼን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድሁና መልሼ ሰቀልሁ። እማዬ ዛሬ ሦስት ማንኪያ አጥሚት ብቻ።

ጥር 19

እማዬን ትናንት ቀበርናት። እኔን ታቅፋ፣ እሱን እየጠራች ሄደች።

ለቀስተኛው ሲበተን ጎረቤታችን እትዬ ሸዋዬ «ነገ ወደ ገዳሙ ጀልባ ይሄዳል፤ ለአባ መርዶውን ላኪበት እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ።

«እሺ» አልኋቸው።

ጀልባው ዛሬ ጧት ሄደ። አልላክሁበትም። በሕይወት ያለች እየመሰለው ይጸልይላት።