ድብ የሌለበት ባሕር

ደስዬ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸን ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። እኛ ደህና ነን። ለሰው ሁሉ የምለው እሱን ስለሆነ ለአንተም ቀድሞ መጣልኝ እንጂ፣ ደህና እንሁን አንሁን በደንብ አላውቅም። ሰውነቴ ሥራውን ይሠራል። ጠዋት ከሰፈራችን ከላንድማርክ ተነስቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ድረስ እነዳለሁ፤ አረጋውያኑን አጥቤ፣ አልብሼ፣ አብልቼ እመለሳለሁ። ቀለበት መንገዱ ቤልትዌይ ላይ በየት በኩል እንዳለፍኩ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ቤቱ ያው ነው። ሊዲያ አሥራ ሁለት ሞላት፤ በቁመት ልትደርስብኝ ነው። ትሠራበት ከነበረው መርከብ ከተላከልን ሻንጣህ ውስጥ ብርቱካናማውን ጃኬትህን አውጥታ ክፍሏ ሰቅላዋለች። ያቺ ጎጆዋ አጠገብ ሰው ሲደርስ ከሆዷ ዘይት የምትተፋው ነጭ ወፍ የተፋችብህ ጃኬት ነው። አንተ እንደ ቀልድ ነበር የጻፍክልን። ሽታው ግን ቀልድ አይደለም፤ የከረመ ዓሣ ይሸታል። ላጥበው ስል ልጅህ «ማም፣ ፕሊስ፣ ዶንት ዎሽ ኢት» አለችኝ፤ ተውኩት። የእናትህ ዓይኖች ሁለቱም በርተዋል። መስኮቱ ጋ ቁጭ ብለው ፓርኪንግ ውስጥ የገባውን መኪና ቀለም ይነግሩኛል። ልጽፍልህ የተነሳሁትም የእሳቸውን ነገር ነው።

የሞትህን ወሬ የሰማሁት ሥራ ቦታ ነው። ከመርከቡ ድርጅት አንዲት ሴት ስትደውል አንድ ሽማግሌ ሾርባ እያበላሁ ነበር። ሞተር ክፍል ውስጥ እንዳለህ ልብህ ቆመ፣ ወደብ እንኳ ሳትደርሱ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። ሽማግሌውን ሾርባውን እስኪጨርስ አበላሁት፣ አፉንም ጠረግኩለት። ያን ቀን ያደረግኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፤ የተሰማኝ ነገር ግን የለም።

ማታ ፓስተሩና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ለእናት መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ፤ ሳይነጋጋ፣ ሰው ተጠራርቶ፣ የሚደግፍ አጠገብ ተቀምጦ ነው። እማማ ግን የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈ ገና አራተኛ ቀናቸው ነበር፤ በፕላስቲክ ተሸፍኖ። ዶክተሩ አያጎንብሱ፣ አይሹት ብሏል። አንደኛው ሽማግሌ፣ «ታዲያ እንዲህ ያለ ዓይን እንዴት ለቅሶ ይችላል? ይፈስባቸዋል እኮ!» አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ዓይናቸው እስኪድን ይቆይ ተባለ። ማልቀስ ይጎዳ እንደሆነ ዶክተሩን የጠየቀ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቀኙ ሲድን ደግሞ የግራው ተራ ደረሰ።

ጉባኤው በሙሉ አወቀ፤ እሳቸው ብቻ ቀሩ። እሁድ ሲጨብጡት ቀና ብሎ የሚያያቸው ጠፋ። አስከሬንህ ሲመጣ እማማን ውድብሪጅ ከተማ አራስ ጥየቃ ብለን ላክናቸው። ገንፎ በልተው፣ ሕፃኑን ታቅፈው ዋሉ። እኔ በዚያው ሰዓት አንተን ቀበርኩ። በቀብርህ ላይ ያሰብኩት ስልኬን ነው፤ ይደውሉ ይሆን እያልኩ ኪሴ ውስጥ ጨብጬው ነበር። ጥቁሬን መኪና ውስጥ እለብሳለሁ፣ መኪና ውስጥ አወልቃለሁ። ዕንባ የት እንደማወጣው ስላላወቅኩ ነው መሰለኝ፣ አልመጣም።

የከበደው ደብዳቤህ ነበር። ከመርከቡ ኢሜይል ስትልክ ሥራ ቦታ አትሜ እያመጣሁ ማንበቤን ለምደዋል። ስልክ ከዚያ እንደማይሠራ ያውቃሉ፤ ወረቀቱን ግን ይጠብቁ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ተቀብለው፣ አጥፈው፣ ፊደል ባይቆጥሩም ከእጃቸው በማይለየው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ይከቱታል። ስለ አቆስጣ የጻፍክ ጊዜ ትዝ ይልሃል? በረዶ ላይ ተጋድሞ የሚያንኮራፋው የባሕር አውሬ አቆስጣ እንደሆነ ስነግራቸው፣ ሙሴ የሠራው የማደሪያው ድንኳን በቁርበቱ የተሸፈነው ያ ነው ወይ ብለው ደነገጡ። «እንግዲህ ልጄ ሙሴ ያላየውን በቁሙ አየ!» እያሉ ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሁሉ አወሩ። ከመጀመሪያው ጉዞህ ስትመለስ ደግሞ ብርቱካን እግርህ ላይ አስቀምጠህ፣ ፔንግዊን አባት እንቁላሉን እንዲህ ነው የሚጠብቀው እያልክ ሳሎን ውስጥ እግርህን እየጎተትክ የዞርክ ጊዜ፣ ሳቁ አፍኗቸው ውኃ አጠጣናቸው። እናትህ ሲስቁ ያየሁት ከአንተ ጋር ነው። ከአንተ በኋላ ሳቃቸውን ማቆየት የእኔ ሥራ ሆነ።

ስለዚህ ጻፍኩ። ወረቀቱን ስለሚያስቀምጡት በአፌ ብቻ መፍጠር አልሆነልኝም፤ አንተ እንደምትጽፈው አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል መታሁት። ከላይብረሪ መጽሐፍ ተዋስኩ። ክንፏን ሳታማታ መርከቡን ቀኑን ሙሉ የምትከተለውን አልባትሮስ የተባለች ወፍ ጻፍኩ። አንዱ ፔንግዊን ጎረቤቱ ዘወር ሲልለት የጎጆውን ጠጠር እንዴት እንደሚሰርቅ ጻፍኩ፤ በዚህ «ሌባ ሁላ!» ብለው በጣም ሳቁ። ከመርከቡ ጎን ብቅ ብሎ የሚተነፍስ ዓሣ ነባሪም ጻፍኩ። ሚያዝያ ላይ ትመለሳለህ የተባለውን ኮንትራትህን አራዘምኩት። ሐሙስ ሐሙስ አነብላቸዋለሁ፤ አዲስ ያልጻፍኩ ሳምንት የቀደመውን እደግማለሁ። እውነቱን ልንገርህ ደስዬ፣ ሳነብ አንተን እሆን ነበር። በሳምንት ውስጥ ሰው የምሆነው ያችን ሩብ ሰዓት ነው።

በሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ድብ አስገባሁ። መጽሐፉ ውስጥ ፔንግዊኑን ገልጬ ቀጥሎ ነጭ ድብ አገኘሁ፤ ለእኔ በረዶ ሁሉ አንድ አገር ነው። ከመርከቡ ሆነህ እናቲቱን ከሁለት ልጆቿ ጋር አየሃት ብዬ ጻፍኩ። ሳነብ ሊዲያ ከቤት ሥራዋ ቀና ብላ አየችኝ። እማማ፣ «ድብ አልሽ?» አሉ። አዎ፣ ነጭ ድብ አልኳቸው። «ጌታ ይጠብቀው» ብለው ወረቀቱን ተቀብለው አጠፉት። በኋላ ወጥ ቤት ሊዲያ ተከትላኝ መጥታ «ማም፣ እዚያ ፖላር ቤር የለም። ኖርዝ ላይ ነው ያለው። ዳዲ ነግሮኛል» አለችኝ። አያትሽ ይህን ከየት ያውቃሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ ወዲያ መቼ ነው የሚመጣው ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ይህን ልብ ማለት ነበረብኝ። ከሥራ ስገባ ምግቤን አሙቀው ይጠብቁኛል፤ እኔ እሳቸውን ላብላ ስል እሳቸው እኔን ያጎርሱኛል። የዓይን ጠብታቸውን በቀን አራቴ ያድርጉ ቢባሉ፣ ስገባም ስወጣም ጠርሙሱ እጃቸው ላይ ነው። ጉንጫቸው ረጥቦ ሳገኛቸው «ጠብታው ነው ልጄ፣ ፈሰሰብኝ» ይሉኛል። እኔም መድኃኒቱ ቶሎ አለቀ ብዬ ፋርማሲ ሄጄ ሌላ አመጣሁ። አየህ ሞኝነቴን?

የግራው ዓይናቸው ዳነ ሲባል ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ፓስተሩ፣ አራት ሽማግሌዎችና የሴቶች ኅብረት መጡ። በሩን የከፈቱላቸው እማማ ነበሩ፤ ለብሰው፣ ጥቁር ሻሽ አስረው። ወንበሮቹን ከየክፍሉ አውጥተው ደርድረዋል። ፓስተሩን «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉት። «ልጄ ከሞተ ስንት ወሩ ነው?»

ሁሉም እንደ አንድ ሰው አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ። እሳቸውም አለቀሱ፣ በእነዚያ በዳኑ ዓይኖቻቸው፤ እንደተፈራው አንዱም ዓይን አልፈሰሰም። እኔ ሻይ አፈላሁ። ስኳር የሚበቃ መሆኑን አየሁ። ከኅብረቱ ሴቶች አንዷ አቅፋኝ ስታለቅስ ጀርባዋን ደባበስኩላት፤ ሐዘኑ የእሷ ይመስል ነበር።

ሰው ከወጣ በኋላ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መጀመሪያ መርከብ ልትገባ ስትል ድብ ይበላሃል ብለው አልቅሰውብህ ኖሯል፤ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ድቡ ያለው በምድር ላይኛው ጫፍ ነው፣ እኔ የምሄድበት ታችኛው ጫፍ አንድም ድብ የለም ብለህ፣ በአምላክ ስም ምለህ፣ ብርቱካን ይዘህ ከላይና ከታች አሳይተሃቸዋል። «ልጄ አይዋሸኝም» አሉኝ። «ድብ ስትይ ጊዜ የሚጽፈው እሱ እንዳልሆነ አወቅኩ። እሱ የማይጽፈው በደህና አይደለም።»

ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ አልኳቸው። «ስታነቢ ትስቂ ነበር። ሌላ ጊዜ ፊትሽ እንደ ግድግዳ ነው። እኔ ካወቅኩ ማንበብሽን ትተያለሽ፣ አንቺም አብረሽው ትሄጂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።» እኔ ለዓይናቸው ሦስት ወር ሙሉ ስፈራ፣ እሳቸው ለእኔ ሲፈሩ ከርመዋል። እያንዳንዷን ሐሙስ፣ መሞትህን እያወቁ፣ ለእኔ ብለው በፔንግዊን ሌባ ስቀዋል።

መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው ወረቀቶቹን ጭኔ ላይ አስቀመጡና የልጄን ለይልኝ አሉ። ለየሁ። ያንተ ዘጠኝ፣ የእኔ ስድስት። ያንተን ሳሙ። የእኔንም ግን አልመለሱልኝም፤ መልሰው አብረው ከተቷቸው። ድቡ ያለበትን ብቻ ነጥለው እጄ ላይ ተዉት።

ያኔም አላለቀስኩም ደስዬ። አሁንም አላለቀስኩም። ይህን የምነግርህ ልትቆጣኝ እንደማትችል ስለማውቅ ነው። እንደምወድህ አውቃለሁ፤ ቦታው ላይ ስደርስ ግን እጅ እንደደነዘዘ ሰው፣ እየነካሁ አይሰማኝም።

ዛሬ ከሥራ ስገባ እናትህ ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና ስክሪብቶ አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ሐሙስ ነው። «ለእኔ የእሱን ስትጽፊ ከረምሽ፤ ዛሬ ለእሱ የራስሽን ጻፊ» አሉኝ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ሊዲያ ጃኬትህን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሳ ከፊቴ ተቀምጣለች፤ እጅጌው ጣቷን ውጦታል፣ ቤቱ በሙሉ የዚያች ወፍ ሽታ ሸቷል። ማንም መስኮት አልከፈተም።

እንደነበርክ አስታውስሃለሁ። ባላየኸው አላስጌጥህም፣ ባላልከው አላናግርህም። ዕንባዬም በመጣ ቀን፣ ሥራ ላይ ብሆን፣ መንገድ ላይ ብሆን፣ ቆሜ አስተናግደዋለሁ። ይህን ቃል ገብቼልሃለሁ። ልጨርስ ስል እማማ በእነዚያ ጥርት ባሉ ዓይኖቻቸው ወረቀቱን በትከሻዬ በኩል እያዩ፣ የማያነቡትን ፊደል ሲከታተሉ ቆይተው፣ አንድ ነገር አሳሰቡኝ፤ «ድብ እንዳታስገቢበት።»

አላስገባሁም፣ ሆዴ።

ባለቤትህ