የዳጣው ጠርሙስ አንገት

ውድ ኤርካሎ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው። ትናንት አቶ ባዳቾን ለሽምግልና ላክህብኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሁሉ እምቢ የማልላቸውን መርጠህ! «ልጄ፣ ይቅር በይው፤ ያንን ሁለተኛውን ሥዕልም ስጪው» አሉኝ። መልሴን በጽሑፍ እሰጣለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

ታስታውሳለህ? የእናትህን ወፍራም የቃሪያ ዳጣ አሽገን አብረን ልንሸጥ ስንነሳ፣ ሶዶ ውስጥ ከሥጋ ቤት ሥጋ ቤት እየዞርኩ ሦስት ሳምንት የሰው እጅ ሳይ ከረምኩ። ሳቅክብኝ። «ዲዛይን ተምረሽ መጥተሽ ሰው ሲበላ ታያለሽ?» አልክ። እኔ የማየው ንግዳችንን ነበር። ዳጣን የሚያንቆረቁር ሰው የለም፤ ሁሉም ከአንድ ሳህን ያጠቅሳል። ስለዚህ አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ ሲገለበጥ ማጥቀሻ ሳህን የሚሆን ዕቃ ሣልኩ።

አንተ ግን ያንን ሳላሳይህ ደብተሬን ከፍተህ የመጀመሪያውን ገጽ በስልክህ አነሳህ፤ አንገተ ቀጭኑን፣ የዱንጉዛ ጥለት የዞረበትን ጠርሙስ። «የራሴ ፈጠራ ነው» ብለህ ለውድድር አቀረብክ፤ ተሸለምክም። ስጠይቅህ ምን አልከኝ? «አንቺ የምታውቂው ሥዕል ነው፤ ንግዱን ለኔ ተዪው።» ያን ቀን እስከ ኦቶና ሆስፒታል ድረስ በእግሬ እያለቀስኩ ሄድኩ።

ተውኩልህ። በዚያ ሥዕል ያሠራሃቸው ጠርሙሶች ከመኪና ሲራገፉ ቆሜ አየሁ። አንድ ቃል ይበቃህ ነበር፤ አፌን ዘጋሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ እያለኝ ነው የዘጋሁት።

የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ደረሰ። አክስቴ አያልነሽ ቤት ጥሬ ሥጋው ቀርቦ ያንተ ጠርሙስ መሃል ተቀመጠ። ነቀነቁት፣ ቂጡን መቱት፣ በቢላ ጎረጎሩት፤ ወይ ፍንክች! አክስቴ «እናንተ፣ ይሄ ዳጣ ነው ሽቶ ነው?» ስትል ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

አፈ ሰፊው ዕቃ ለመጪው ጊፋታ ገበያ ይወጣል፤ በእኔ ስም። አቶ ባዳቾን ስለማከብራቸው ግን ባዶ እጃቸውን አልሰድዳቸውም፤ ፎቶ ያነሳኸውን ገጽ ራሱን ቀድጄ ልኬልሃለሁ። ስልክህ ያየው ፊቱን ብቻ ነው። ገልብጠው። ሥዕሉን በጨረስኩበት ዕለት የጻፍኩት አለ፦ «ቆንጆ ነው፤ ዳጣ ግን በዚህ አንገት አይወጣም።»

ሥዕል ብቻ የምታውቀው፣
ቤቴል