በበር አናት ላይ የተጻፈ ቁጥር

ይድረስ ለእናቴ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሽ የነበረው ጉልበትሽስ ተሻለሽ? መድኃኒቱን በየጠዋቱ ትወስጂያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለክፉ ቀን ታስቀምጪዋለሽ? እኔ ለጤናዬ ምንም አልል። የበላሁት ይረጋልኛል፣ እጄም ገና አልተንቀጠቀጠም። እንቅልፍ ብቻ ነው ጥሎኝ የጠፋው።

ሳልጽፍልሽ ብዙ ቆየሁ፤ ተቀይመሽኝ ይሆናል። ከዚህ በፊት የደረሱሽ ሁለቱ ደብዳቤዎችም «ደህና ነኝ፣ ሥራም ደህና ነው» ከማለት ያለፈ ፍሬ አልነበራቸውም። ፈርቼ ነው። እዚህ ደብዳቤ ሳይታሸግ ነው የሚሰጠው፤ አንብበው የሚያሽጉት የቢሮው ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ዛሬ ግን ሆድ ይፍጀው ያልኩትን ሁሉ ልነግርሽ ነው። ከዛሬ በፊት አንቺ ከእኔ የሰማሽው ነገር የለም። ይህን ደግሜ እጽፈዋለሁ፦ ምንም አልነገርኩሽም።

ምን እየሠራህ ነው ስትይኝ «ያው አናጺነት» እልሽ ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ግን በር መግጠም ከተውኩ ቆየሁ። አሁን እነቅላለሁ። መጀመሪያ የውጭ በሮች ቁልፍ ተሰበሰበ፤ ተቆጣጣሪዎች በፈለጉት ሰዓት ገብተው እንዲያዩ ነው። ቀጥሎ መጋረጃ ተከለከለ። ዘንድሮ ደግሞ የውስጥ በር ሁሉ ይነሣ ተባለ፤ የመኝታ ቤቱም፣ የመታጠቢያ ቤቱም። «ንጹሕ ሰው በር አያሻውም» የሚል ጽሑፍ በየደረጃው ተለጥፏል። ሰዎች የሚነጋገሩት ቧንቧ ከፍተው ሆኗል፤ እሱንም ውሃ አባከናችሁ እስኪባሉ ነው። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል የሰማነው ተረት ነበር፤ አሁን ግድግዳው ምን ቸገረው፣ በሩ ከሌለ።

ስድስት አናጺዎች ነን፤ ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው። የእኔ ጓደኛ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ያንሰኛል። «ውሃልክ» እንለዋለን፤ መቃን አንዴ አይቶ «ወደ ግራ ጣት ታህል ዘማለች» ካለ፣ ብትለኪው ጣት ታህል ነች። ሚስቱንም ለክቶ ነው ያገባት እያልን እናበሽቀዋለን። ትምህርት ቤት አልገባም። ቁጥር መጻፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ በምሳ ሰዓት፣ ፍልጥ ጣውላ ላይ።

አንድ ቀን አንዲት ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ቤት ገባን። የመኝታ ቤቷን በር ልንፈታ ስንል «አንዴ ልዝጋውና ከዚያ ውሰዱት» አለችን። ገብታ ዘጋችው። ቆመን ጠበቅን። እኔ ተቆጣጣሪ ይመጣብናል እያልኩ ደረጃ ደረጃውን አያለሁ፤ ውሃልክ ግን መሣሪያውን መሬት አስቀምጦ ግድግዳውን ተደገፈ፤ እሷ እስክትወጣ ድረስ ካቻቪቴውን አላነሣም። ፊቷን ታጥባ ወጣች። አመሰግናለሁ ስትለን አንጀቴን በላችው። በሯን ተሸክመን ወረድን።

የእኔ ጥፋት እንግዲህ ምን መሰለሽ? አናጺ በር ሲያወርድ አናቱ ላይ የቤቱን ቁጥር በእርሳስ ይጽፋል። ላይኛው ጠርዝ ስለሆነ ማንም አያየውም። በር ደግሞ ሁሉም አንድ ይመስላል እንጂ የአንዱ ለሌላው መቃን አይሆንም፤ ሲመለስ የራሱን ቦታ ማግኘት አለበት። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ውሃልክ ብሎኑን ይፈታል፣ እኔ እጽፋለሁ። እጄ ሲጽፍ አእምሮዬ አብሮት አልነበረም። አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ።

በሮቹ ለቢሮ ጠረጴዛ ሊቆረጡ ሲሉ መጋዘን ውስጥ ተጋደሙ፤ ቁጥሮቹ ተገለጡ። ሌሎቹ አናጺዎች ጽፈው አልተገኙም፤ ወይ ሰንፈዋል ወይ ከእኔ ብልጥ ናቸው። መዝገቡ ሲታይ ቤቶቹ የእኔና የውሃልክ ሆኑ። ተቆጣጣሪው ሁለታችንንም አስቁሞ፣ ድምፁን እንኳን ሳያነሣ፣ አንድ ነገር ጠየቀን።

«የማይመለስ በር ቁጥር ምን ያደርግለታል?»

ቁጥር ከጻፍን፣ ይመለሳሉ ብለን ተስፋ አድርገናል ማለት ነው፤ ተስፋው ደግሞ በደንቡ ላይ ማመፅ ነው። የማን እጅ እንደጻፈው ለመለየት ለየብቻ አስቀምጠው ከአንድ እስከ መቶ አስጻፉን።

እማዬ፣ እዚህ ላይ ነው ያሳፈርኩሽ። እኔ ሰባትን ስጽፍ ወገቧ ላይ ቀበቶ የመሰለች ሰረዝ አደርግባታለሁ። በዚያች ወንበር ላይ ግን ሰባቶቹን ሁሉ ያለ ሰረዝ ጻፍኳቸው። አራቱንም አጣመምኩት። እጄ እንዲህ የሌላ ሰው እጅ መሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። ውሃልክ ግን እንዳስተማርኩት፣ ቀስ ብሎ፣ አሳምሮ ጻፈ። ሰረዟን አንዲት ቦታ አልዘለላትም።

በሮቹ ላይ የተጻፈው የሱ ነው ተብሎ ሲወስዱት አየኝ። ማን እንደጻፈ ያውቃል፤ በየበሩ አጠገቤ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ያበቃልኝ ነበር። ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «መላጊያዬን አንሣልኝ፣ ውጭ ነው፤ ዝናብ እንዳያገኘው።»

መላጊያውን አነሣሁለት። ሌላ ያደረግሁለት ነገር የለም።

ሚስቱ በየቀኑ ምሳ ሰዓት የሥራ ቦታችን በር ላይ ትቆማለች። ሁለተኛ ልጃቸውን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። ትናንት እጄን ይዛ «ጋሼ፣ ቁጥር ያስተማርከው አንተ ነህ። ክፋት እንደሌለበት አንተ ብትነግራቸው ያምኑሃል» አለችኝ። ለእሷም አልነገራትም ማለት ነው። እነግራቸዋለሁ አልኳት። ዓርብ ወደ ሩቅ የሚሄዱት እስረኞች መኪና ላይ ይጫናሉ፤ እሱም ከነሱ ጋር ነው፤ ከዚያ የተመለሰ ሰው አላየንም።

ሁለት ጊዜ እስከ ቢሮው ደረጃ ሄድኩ፤ ሁለቴም ወረፋ የተሳሳተ ሰው መስዬ ተመለስኩ። ሦስተኛ ብሄድም እንደምመለስ አውቃለሁ፤ ራሴን መች አጣሁት። እፈራለሁ እማዬ። ደረጃ ላይ ኮቴ ስሰማ ብድግ ብዬ እቀመጣለሁ፤ አልጋዬ ከኮሪደሩ ፊት ለፊት ነው፣ የሚያልፍ ሁሉ ያየኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ይድረስ እንጂ መጠበቁስ ከመድረሱ ይብሳል። ስለዚህ ዛሬ ማክሰኞ ተቀምጬ ላንቺ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጠዋት የተሰጠ ደብዳቤ በዚያው ቀን ይነበባል፤ ዓርብ ገና ነው።

የበሮቹን ቁጥር በቃሌ ይዤዋለሁ። ሁሉንም ባይሆን ጥቂቱን ልጻፍልሽ፦ 17፣ 27፣ 37፣ 47፣ 71፣ 74፣ 77። በዚያው እርሳስ፣ እንደ ወትሮዬ፣ ሰባቶቹን ቀበቶ አስታጥቄ ነው የጻፍኳቸው። የልብስ ሰፊዋ 47 ነው፤ ከታች በኩል ትንሽ ስንጥቅ አለው፣ ሲገጠም ሙጫ ይፈልጋል።

ስለ እኔ ብለሽ ጎረቤት አትጠይቂ፤ ቢሮም አትሂጂ። መድኃኒትሽን ውሰጂ። ወንድ ልጅ ወልጄ ፈሪ ሆነብኝ ብለሽ አትዘኚ፤ ፈሪ ነኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው አልሆንኩም። ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እኅቴንና ልጆቿን ይጠብቅልሽ። እኔን በምርቃትሽ አትርሺኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወደፊት አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ የቤትሽን መቃን ትኩር ብሎ ካየ ውሃልክ ነው። ምንም አትጠይቂው፤ ዓይንሽን ማየት ይከብደው ይሆናል። አስቀምጪው፣ ሚስትህ በሰላም ወለደች ወይ በይልኝ።