የባዕድ ኮድ ከደጅ መደብ እንዳያልፍ

እኔ ሼ ፋማው፣ የላሙ ደሴት ነዋሪ፣ ዛሬ ረቡዕ ጁን 11 ቀን 2025፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ ይህን ቃሌን በምስክሮች ፊት አጽፋለሁ። ጸሐፊው የቃዲው ረዳት ነው፤ የጻፈውን መልሶ እንዲያነብልኝ አዝዣለሁ። ሰውየውን አልጠረጥርም፤ ብዕሩን ነው እንጂ።

ቤቴ በሃይማኖታችን ሕግ ለሚገባቸው ይከፋፈል። የሚያስጨንቀኝ ለደሴቶቹ ክሊኒኮች ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት የመድኃኒት ፕሮግራም ነው። ለሕፃናት የሚሰጠውን የመድኃኒት መጠን አስልቶ በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ያትማል። ይህን ለእህቴ ልጅ ለሙዋናኢሻና ለወንድሜ ልጅ ለአትማን በእኩል አውርሻለሁ።

ፕሮግራሙ በክፍሎች የተከፈለ ነው። ሌሎች ጽፈው የሚያድሉትን ኮድ፣ ላይብረሪ የምንለውን፣ የማላውቀው እንግዳ አድርጌ ቆጥሬዋለሁ፤ በከተማችን ወግ እንዲህ ያለ እንግዳ በደጅ መደብ ይስተናገዳል እንጂ ጓዳ አይገባም። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ላይብረሪ በራሱ አቃፊ ይይዛል፣ ለብቻው ይጭናል። ክፍሎቹ በሚነጋገሩበት የጋራ ክፍል ግን የእኛና የጃቫ የራሱ ዓይነቶች፣ ማለትም መረጃ የሚቀመጥባቸው ቅርጾች፣ ብቻ ይኑሩ።

ምክንያቱን አትማን ያውቃል። ባለፈው ረመዳን፣ ሁሉም በአንድ አቃፊ ሳለ፣ ለማተሚያው ክፍል ብሎ አንዱን ላይብረሪ በአዲስ ቀየረ። መጠን አስሊው ክፍል የለመደውን ትእዛዝ በአዲሱ ውስጥ ቢፈልግ አጣው፤ ፕሮግራሙ ቆመ። እናቶች የታመሙ ልጆች ታቅፈው ክሊኒኩ በር ላይ ዋሉ። በክፍሎቹ መካከል ይህን ግድግዳ ያቆምኩት ከዚያ በኋላ ነው። አትማንን እወደዋለሁ፤ የተበላሸ ነገር ሲያይ እጁ አያርፍም። ችግሩ ያልተበላሸም ሲያይ አያርፍም።

"አጎቴ፣ እሱ እኮ አለፈ" አለኝ አሁን ራስጌዬ ተቀምጦ። "ግድግዳህ ሥራ ያንቀራፍፋል።"

"ልታፈርሰው እስክቀበር ነው የምትጠብቀው።"

"ኧረ ሐዘኑ እስኪወጣማ እታገሳለሁ።"

ጸሐፊው ይህንንም ጻፈው። ይቆይ።

ስለዚህ የጋራውን ክፍል የሚነካ ለውጥ አትማን ከጻፈ ሙዋናኢሻ ታጽድቅ፤ እሷ ከጻፈች እሱ ያጽድቅ። እሷ ዝምተኛ ናት፤ ዝምታዋንም እጠረጥራለሁ።

"ሁለታችን ብንስማማስ?" አለች።

ይኸው፣ አልተሳሳትኩም። የባዕድ ዓይነት በጋራው ክፍል ሲገኝ ፕሮግራሙ ተገንብቶ ሥራ ላይ እንዳይውል በራሱ የሚያግድ ፍተሻ አለ። ፍተሻውን የሚያነሳው የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ለጎረቤቴ ለጀልባ ሠሪው፣ ሽማግሌ በመሆኑ ሙዜ ለምንለው ለብዋናሄሪ ይሰጥ።

"እኔ ስለ ኮምፒውተር ምን አውቄ?" አለኝ ብዋናሄሪ ከምስክሮቹ መሃል።

"ለዚህ ነው የመረጥኩህ። ግድግዳው ለምን መፍረስ እንዳለበት አስረድተውህ ከገባህ ስጣቸው። ካልገባህ ፖስታው እንደታሸገ ይቀመጥ።"

አትማን ወንበሩን ወደ ሽማግሌው አስጠጋ። "ሙዜ፣ ሐልዋ ይወዳሉ አይደል?"

"እወዳለሁ። ጆሮዬ ግን ከባድ ነው።"

ሐልዋም ሆነ ሌላ ጣፋጭ ይዞ ማስረዳት ክልክል መሆኑ፣ ከመፈረሙ በፊት፣ እዚህ ተጨምሯል።

ተናዛዥ፦ ሼ ፋማው
ምስክሮች፦ ብዋናሄሪ ሹኩ፣ የክሊኒኩ ነርስ ኩብራ ሐሰን፣ ጸሐፊው ሱዑድ ባሻይኽ

ወራሾቹም ፈርመዋል። ሙዋናኢሻ "ተስማምቻለሁ" ብላለች። አትማን ከስሙ ሥር የጻፈው "ሰምቻለሁ" የሚል ብቻ ነው፤ ጸሐፊው ሁለቴ ብዕሩን ቢመልስለትም ሌላ አልጨመረም።