እግር ያለው ክፍል

ቅዳሜ፣ የካቲት 3፣ ጠዋት 2 ሰ.
ጠረግኩ። ወገቤ አለቀ። ልጆቹ አማርኛቸውን ሊማሩ ገና አልመጡም፣ እስከዚያ ላውራህ ደብተር። ልጄ ሳባ የነደፈችው ክፍል ቆመ። ግድግዳው በብሎን የታሰረ፣ የሚፈታ። ጣሪያው ድርብ፣ በመሃሉ ነፋስ ያልፋል። እውነቱን ልናገር፣ ከምንኖርበት ፎቅ ይቀዘቅዛል። እግሩ ግን ብረት፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁጭ! መሬቱ የኪራይ ነው፣ ውሉ ሲያልቅ ፈታትተን በሎሪ ጭነን እንሄዳለን፣ አንድ ሳንቃ አይባክንም ትላለች። አሁንም እንሄዳለን! እዚህ ሰው አገር፣ ካሳራኒ ሰፈር እስክንደርስ ስንት ቤት ለቀቅን? ሰለቸኝ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት
ዘነበች፣ የወላጆቹ አለቃ፣ ዞር ዞር ብላ አየችውና ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የዶሮ ቤት አለች። እግሩ በስሚንቶ ይቀበር። እናቶቹ በሙሉ አዎ። እኔም አዎ። ሳባ ተቆጣች። እማዬ፣ ከተቀበረ አይነሳም፣ እነሱ አንቺን ይሰማሉ፣ ንገሪያቸው አለች። አልነግርም። አንድ ነገር እንኳ ባለበት ይቁምልኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6
ጾሙ ገባ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ባለመሬቱ መጣ። ሹሹ ይለኛል፣ በነሱ አያቴ ማለት ነው። እሱ ራሱ ጥርስ የለው! ስሚንቶ እንዳትገዙ፣ እኔ አመጣለሁ፣ አሸዋም ጭምር አለ። ዘነበች እልልታዋን ለቀቀችው። እኔም መረቅኩት። ሳባ እራት አልበላችም። ምን ያስኮርፋታል?

ሐሙስ፣ የካቲት 8
ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ይሄ ሰውዬ የግቢው ቧንቧ ሲያፈስ ስንቴ ለምኜው ጎሚኒዋን፣ ያቺን ላስቲክ እንኳ አልቀየረም። ዛሬ ስሚንቶ? ሄድኩበት። ሻይ በወተት አቀረበ። ጾም ነው አልኩ። በተሰባበረ ስዋሂሊዬ፣ ውሉ ሲያልቅስ ክፍሉ የማን ነው ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። መሬቴ ውስጥ ከገባማ የኔ ነው ሹሹ፣ ልጄ ፀጉር ቤት ትከፍትበታለች አለ። ወንበሮቹን ውሰዱ አለ፣ ቸር! በአማርኛ ምን እንዳልኩት አልጽፍም። ጾም ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 9
ለዘነበች ነገርኳት። ወይ ፍንክች። ደግ ሰው ነው፣ ልጅሽ ናት ይሄን የምታስወራሽ አለች። በየእግሩ ዙሪያ ተቆፍሯል። ስሚንቶው ነገ። ሳባን ብሎን አፈታት አሳይኝ አልኳት። መፍቻውን እጄ ላይ አስቀመጠች። ሲከብድ! አንዱን ፈታሁ። መልሼ አሰርኩ። መሄድ ሰልችቶኛል፣ አንተም ታውቃለህ። ግን ይሄ ክፍል የኛ የሚሆነው መሄድ ከቻለ ብቻ ነው። እና እነዚያ ልጆች የት ይማሩ? ፀጉር ቤት?

ቅዳሜ፣ የካቲት 10፣ ጠዋት 1 ሰ.
ወንበሬን አወጣሁ። ጋቢዬን ደርቤ እግሬን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቻለሁ። መፍቻው ጭኔ ላይ። ሳባ አጠገቤ ቆማለች፣ እማዬ ብርድ ነው ትላለች። ይሁን። ስሚንቶ የጫነው ፒካፕ እየታጠፈ ነው። ዘነበች ከፊት ተቀምጣ እጇን ታወዛውዝልኛለች፣ ምስኪን። ልዝጋህ ደብተር። የማይነሳ ነገር ከፈለጉ፣ ይኸው እኔ።