ከግንቡ ሥር ያለው አፈር

ጥር 6
ጓሮ ዋልኩ። ቆስጣው ላይ ቀንድ አውጣ ወጥቶበታል፣ ለቀምኩ። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ከግንቡ ሥር ካለው መደብ ሰላጣ ቀጥፋ፣ ለቅለቅ አድርጋ፣ እዚያው ቆማ በላች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «አባዬ፣ የዚህኛው መደብ ጣዕሙ ለብቻው ነው» አለች። ማን ተከለውና!

ጥር 9
የአፈር መርማሪዋ መጣች። የሰፈሩን ጓሮ ሁሉ ልታስመረምር ነው። ከረጢት ሰጥታኝ «ከአሥር ቦታ ቆንጠር ቆንጠር አድርገው ይቀላቅሉልኝ» ብላ ሄደች። ከአሥር ቦታ? ያ በር ላይ ያለው ጠጠራም መሬቴ ሊያዋርደኝ? ኧረ ወዲያ! ለእንግዳ የሚቀርበው ምርጡ ነው። ከግንቡ ሥር ካለው ጥቁር አፈር ብቻ ሞላሁላት። ሚስቴ አይታ «ፎቶ ሊነሳ ነው እንዴ?» አለች።

ጥር 23
መርማሪዋ ውጤቱን ይዛ መጣች። አፈሩ ውስጥ እርሳስ... መጻፊያው አይደለም፣ ብረቱ። ከልኩ አራት እጥፍ! ከግንቡ ማዶ ያለው የመኪና ባትሪ ጠጋኝ ለዓመታት የደፋው ፈሳሽ ነው ወደኛ የሰረገው። መርማሪዋ «በጣም የሚያሰጋው ለፅንስና ለሕፃናት ነው» አለች። ልጄ! ስንት ቅጠል በላች?
ከአንድ ቦታ ብቻ መዝገኔን ተናዘዝኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ... እሷ ግን ሳቀች። «ቀላቅለውት ቢሆን ኖሮ በንጹሑ ተሸፍኖ ያመልጠን ነበር።»
ሌላውን ቦታ ሁሉ ለየብቻ ዘግና ወሰደች።

ጥር 24
ልጄ ለምርመራ ደም ሰጠች። ውጤቱ ከሳምንት በኋላ። እህል አልወርድ አለኝ። ሚስቴ «አንተ ብትራብ የሷ ደም ይጠራል?» ትላለች። የራሷን ሳህን አልነካችም።

የካቲት 2
ተመስገን! ተመስገን! የልጄ ደም ደህና ነው። ሐኪሙ «ከዚያ መደብ እንዳትቀምሺ» ብሎ ሸኛት።
ባትሪ ጠጋኙን ልሰድበው ሄጄ አቅፌው ተመለስኩ። ለካ የሱም ልጆች እዚያው አፈር ላይ ነው የሚጫወቱት። ምስኪን፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ከነገ ጀምሮ ፈሳሹን በርሜል ውስጥ ሊያጠራቅም ማለልኝ።

የካቲት 19
ያ የናቅኩት ጠጠራም መሬት ንጹሕ ሆኖ ተገኘ! ይኸው ሰላጣዬን ወደዚያ አዛወርኩ። ከግንቡ ሥር? አበባ ብቻ። ሚስቴ «በስተርጅና አበባ ሊሰጠኝ ነው» እያለች ለጎረቤት ታወራለች።

ሚያዝያ 4
ልጄ ሴት ልጅ ወለደች! ሦስት ኪሎ ተኩል! ጩኸቷስ... ከሐኪም ቤት ይዘዋት ሲመጡ ከጓሮ እየሮጥኩ መጣሁ። ሚስቴ በሩ ላይ ቆመች። «በዚያ እጅህ?»
ድሮ ቢሆን «አፈር ምን አለው፣ ያሳደገን አፈር!» ብዬ እሟገት ነበር። ጫማዬን ውጭ አወለቅኩ። ሸሚዜን ቀየርኩ። እስከ ክርኔ በሳሙና ታጠብኩ፣ ጥፍሬን ሳይቀር ፈገፈግኩ። እጄን ዘርግቼ አስፈተሽኩ።
ያኔ ሕፃኗን አቀፍኳት።